ጨለመ እና ጨለመብኝ

ቸርችል ጎዳና የሦስት ቋንቋ ቁልቁለት ነው። አናቱ ላይ ያለው ፒያሳ ከጣልያንኛ የመጣ ነው። እግሩ ሥር ያለው ለገሃር ፈረንሳዮች ባቡር ጣቢያውን የጠሩበት ቃል በእኛ አፍ ተፈጭቶ የቀረ ነው። መሀሉን የያዘው ደግሞ የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ነው። ከማዘጋጃ ቤት ተነስቶ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታልና በፖስታ ቤት በኩል ቁልቁል የሚወርድ ሰው ሦስት የውጭ ቃል ረግጦ ያልፋል፤ አንዳቸውም ግን ባዕድ አይመስሉትም። ተውሰናቸዋል፣ ለምደናቸዋል፣ አልቋል።

ይህ ጽሑፍ እንደነሱ ስላልተላመደን አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ነው። ቃሉ «ግሉም» ነው። የሰማይን መጨፍገግ፣ የክፍልን ድንግዝግዝታ፣ የሰውን ልብ መክበድ በአንድ ትንፋሽ ይጠሩበታል። እንግሊዝኛ ልብ ወለድ የሚያነብ ሰው ደጋግሞ ያገኘዋል። ወደ አማርኛ ሲመለስ ግን አንዴ «ጨለማ»፣ አንዴ «ትካዜ»፣ አንዴ «ድብርት» እየሆነ ይበታተናል። ከጓደኞቼ ብዙዎቹ ከዚህ ተነስተው «አማርኛ ለእንዲህ ዓይነት ስሜት ቃል ያንሰዋል» ይላሉ። እኔ አይመስለኝም። ቃሉን የምንፈልግበት ቦታ ላይ ስለሌለ ነው የምናጣው። ይህን ለማሳየት ከለንደን ወደ አማራ ተራሮች፣ ከዚያ ወደ ውቤ በረሃ መሄድ ሊኖርብን ነው። መንገዱ ትንሽ ይጠማዘዛልና ታገሱኝ።

ፊት፣ ሰማይ፣ ልብ

«ግሉም» በስምነት ብቅ ሲል የሰማይ ቃል አልነበረም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ስኮትላንዶች የተኮሳተረ ፊትን ነበር የሚጠሩበት። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ጆን ሚልተን በግጥሞቹ ውስጥ ለጨለማ ተጠቀመበት፤ ቃሉ ከፊት ወደ ሰማይ ወጣ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከሰማይ ተመልሶ ወደ ሰው ወረደ፤ በዚህኛው ዙር ግን ፊት ላይ ሳያርፍ ልብ ውስጥ ገባ። ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1755 ባሳተመው ዝነኛ መዝገበ ቃላት ሁለቱንም ፍቺ መዝግቧል፦ አንደኛው ሙሉ ያልሆነ ጨለማ፣ ሁለተኛው የፊት መዳመንና የአእምሮ መክበድ።

«ሙሉ ያልሆነ» የምትለዋን ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስባታለን። ድቅድቅ ጨለማ ውስጥ ያለ ሰው ምንም ስለማያይ ቢያንስ መብራት ይፈልጋል። ባልሞላ ጨለማ ውስጥ ያለ ሰው ግን ያያል። መንገዱን ያያል፣ ሰዎቹን ያያል፣ ምሳውን ያያል። የሚያየው ሁሉ ቀለሙን ስላጣ ግን መብራት የሚያስፈልገው መሆኑን ራሱ አያውቅም።

ከሦስቱ እርምጃዎች ሁለቱን አማርኛ በደንብ ያውቃቸዋል። ጨፍጋጋ ሰማይ አለ፣ ጨፍጋጋ ፊት አለ። «ፊቱን አጨፈገገ»፣ «ፊቷ ጠቆረ»፣ «ፊቱ ዳመነ» እንላለን። ለፊትና ለሰማይ አንድ ቃል ለመስጠት ስኮትላንዶችን አልጠበቅንም። ሦስተኛው እርምጃ ላይ ነው የምንለያየው። «ጨፍጋጋ ልብ» የሚል ቢገኝም አፋችን አልለመደውም። የውስጡን ነገር ለሌላ ብልት ሰጥተነዋል፤ ለሆድ። ሆድ ይብሳል፤ ቶሎ የሚብስበት ሰው ሆደ ባሻ ነው፤ የማይነገረው ነገር ደግሞ ሆድ ይፍጀው ተብሎ እዚያው ይቀበራል።

ሰማዩም ራሱ ተመሳሳይ ሰማይ አይደለም። የእንግሊዝ ደራሲ ደመና ሲያመጣ አንባቢው ወዲያው ትከሻው ይወርዳል። ሰኔ ላይ ቀና ብሎ ደመና ያየ ገበሬያችን ግን ደስ ይለዋል፤ ልቡን የሚያከብደው የጠራ ሰማይ ነው። ያው ደመና ግን ሐምሌ ላይ ቸርችል ጎዳና ላይ ሲወርድ ሌላ ነገር ነው። ከማዘጋጃ ቤት ቁልቁል ስታዩ ለገሃር በዝናቡ መጋረጃ ተሸፍኖ ይጠፋል፤ ጎርፉ በመንገዱ ዳር የውኃ መያዣ ፕላስቲክ እየገፋ ይወርዳል፤ በየሕንፃው በረንዳ ሥር የተጠለለው ሰው ስልኩን ጨርሶ አይቶ የሚያየው አጥቶ ዝናቡን ያያል። እንግዲህ ደመናው ራሱ ሐዘንም ደስታም የለውም። ጥያቄው በማን ላይ ዘነበ፣ ለማን ዘነበ ነው።

ጥቁር ውሻ እና የአማራው ልዑል

ጎዳናው የተሰየመለት ዊንስተን ቸርችል ይህን ስሜት በቅርብ ያውቀው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1911 ለባለቤቱ ለክሌመንታይን በጻፈው ደብዳቤ «ጥቁር ውሻ» ብሎ ይጠራዋል። የሚመጣ፣ የሚሄድ፣ ተመልሶ ሊመጣ የሚችል ውሻ። አባባሉ ግን የእሱ ፈጠራ አይደለም። ከእሱ ከመቶ ዓመት በላይ ቀድሞ ያው መዝገበ ቃላት ጻፊው ጆንሰን በደብዳቤዎቹ ተጠቅሞበታል። ጆንሰን ዕድሜውን ሙሉ ከዚህ ስሜት ጋር የታገለ ሰው ነው።

ወደ እኛ የሚያመጣንም እሱ ነው። ጆንሰን ገና ወጣት ሳለ ኢየሱሳዊው አባ ሎቦ ስለ ኢትዮጵያ የጻፉትን የጉዞ ታሪክ ተርጉሞ እ.ኤ.አ. በ1735 አሳትሟል። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ1759፣ እናቱ ሲሞቱ የቀብር ወጪያቸውን ለመሸፈን በጥቂት ቀናት ውስጥ አንድ አጭር ልብ ወለድ ጻፈ። ባለታሪኩ ራስላስ የሚባል የሐበሻ ልዑል ነው፤ ቦታው አማራ ነው። ልዑላን እስኪነግሡ የሚኖሩበት በተራራ የታጠረ ሸለቆ አለ፤ የደስታ ሸለቆ ይባላል። ምግቡ፣ ዘፈኑ፣ ጨዋታው ሞልቶ ይፈስሳል፤ መውጣት ብቻ አይቻልም። ጆንሰን ይህን ያነሳው አውሮፓ ከደረሰው የግሸን አምባ ወሬ ነው፤ ነገሥታቶቻችን ወንድሞቻቸውንና ዘመዶቻቸውን ያግዙበት ከነበረው ተራራ።

ራስላስ በ26ኛ የዕድሜ ዓመቱ ከጨዋታው መሸሽ ይጀምራል። ብቻውን ይሄዳል፣ ዝም ይላል። ፍየሎቹን እያየ ይገረማል፤ እነሱ ይርባቸዋል፣ ይበላሉ፣ ይጠግባሉ፤ እሱ ግን ጠግቦም አይጠግብም። ምን እንደጎደለው ሲጠየቅ የሚጠቅሰው የለውም። ምንም አለመጉደሉ ራሱ ነው ያስጨነቀው። በእኛ ቋንቋ ብንጠይቀው መልሱ አንድ ቃል ነው፦ «ደበረኝ»።

ይህን መጽሐፍ ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሶታል። በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ግን ስሙን የሚሰማው ከስንት አንዴ ነው፤ ያሳዝናል። ጆንሰን ኢትዮጵያን አላያትም፤ ሸለቆው ውስጥ የሚናገሩት ሰዎችም እንደ ለንደን ፈላስፋ ነው የሚናገሩት። ይህ አይካድም። አንድ ነገር ግን አጥርቶ አይቷል። ሐዘን የሞተ ሰው አለው፣ ናፍቆት የራቀ ሰው አለው፣ ትዝታ ያለፈ ጊዜ አለው፣ ቁጭት ያመለጠ ነገር አለው። የራስላስ ስሜት ግን የሚጠቁመው ነገር የለውም። ጣቱን ቢዘረጋ የሚያርፈው አየር ላይ ነው።

ልዑሉ ከእህቱ ከነካያ፣ ከደንገጡሯ ከፔኩዋና ከኢምላክ ጋር ተራራውን ሰርስሮ ይወጣል፤ ካይሮ ይደርሳል። እዚያ ከሚያገኟቸው ሰዎች አንዱን አልረሳውም። ለብዙ ዓመታት ብቻውን ሰማይ ሲያይ የኖረ የሥነ ፈለክ ሊቅ ነው። ቀስ በቀስ ዝናቡንና ፀሐዩን የሚያዝዘው እሱ ራሱ እንደሆነ ያምናል። አንዱ አገር በጎርፍ ሲጠፋ፣ ሌላው በድርቅ ሲነድ፣ ዕዳው የእሱ ነው። ማንም በክርክር አላሳመነውም። ያዳነው ሰው ነው፤ ሴቶቹ እየመጡ ማውራታቸው፣ መሳቃቸው፣ ከሰማዩ ላይ ዓይኑን እንዲያነሳ ማድረጋቸው። የሰማዩ ሁሉ ክብደት በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ሲወድቅ ምን እንደሚመስል ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም።

አንድ ዓረፍተ ነገር እንተርጉም

አሁን ወደ ሥራ። ኤድጋር አለን ፖ እ.ኤ.አ. በ1839 ባሳተመው የአሸር ቤት ውድቀት ታሪክ መክፈቻ ላይ አንድ ሰው በፈረስ ብቻውን ይጓዛል፤ ደመናው ዝቅ ብሏል፤ ከሩቅ አንድ ቤት ያያል። ቤቱን እንዳየ ውስጡ በዚያ ቃል፣ በ«ግሉም»፣ ይሞላል። ይህን ወደ አማርኛ መልሱ ብትባሉ ምን ትላላችሁ?

«ቤቱን ሳየው ጨለማ ወረሰኝ።» አይሆንም፤ ገና አልጨለመም፣ ሰውዬው ያያል። «ቤቱን ሳየው ትካዜ ያዘኝ።» የተከዘ ሰው የሚተክዝበት ጉዳይ አለው፤ እጁን አገጩ ላይ አድርጎ የሆነ ነገር እያሰበ ነው። ይህ ሰው ግን ምክንያቱን ራሱ እየፈለገ ነው። «ሐዘን ተሰማኝ።» የማን ለቅሶ ነው? ብሎ አንባቢው ይጠይቃል። «ቤቱን ሳየው ደበረኝ።» እዚህ ላይ አንባቢ ይስቃል። ቤቱ ዋይፋይ የሌለው ነው የሚመስለው።

አራቱም የወደቁት ስም ስለፈለግን ነው። ሰውዬው ውስጥ የሚገባ አንድ ዕቃ ፈልገን፣ ዕቃው ምን ይባላል ብለን ተጨነቅን። አማርኛ ግን እንዲህ ይላል፦ «ቤቱን እንዳየሁት ቀኑ ጨለመብኝ።» በቃ። ሰማዩም አለ፣ ሰውዬውም አለ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ነገርም አለ። ቀኑ ለሌላው ሰው ያው ቀን ነው፤ የጨለመው በእሱ ላይ ነው።

ብኝ

ሁሉን ሥራ የሠሩት ሁለት ፊደላት ናቸው፦ ብኝ። «ዘነበ» የሜትሮሎጂ ዜና ነው፤ «ዘነበብኝ» ታሪክ ነው። «መሸ» ሰዓት ነው፤ «መሸብኝ» ያለ ሰው መንገድ ላይ ነው፣ ቤቱ ሩቅ ነው፣ ምናልባት የሚያሳድረው የለም። በእኔ ሥራ «ሰርቨሩ ወደቀ» የሚል መልእክት ሪፖርት ነው። «ሰርቨሩ ወደቀብኝ» የሚል ሰው ግን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ብርድ ልብስ ለብሶ ስክሪን ፊት የተቀመጠ ነው።

መንታዋ «ልኝ» ናት። ሰኔ ላይ ቀና ብሎ ደመና ያየው ገበሬ «ዘነበልኝ» ይላል። በረንዳ ሥር የቆመችው ልጅ «ዘነበብኝ» ትላለች። ዝናቡ አንድ ነው። ቅድም የጠየቅነውን ጥያቄ፣ በማን ላይ ዘነበ፣ ለማን ዘነበ የሚለውን፣ ቋንቋው በሁለት ፊደል ይመልሰዋል።

እንግሊዝኛ እዚህ ላይ ይቸገራል። አልፎ አልፎ የሚቀራረብ አነጋገር ቢኖረውም እንደ እኛ በየግሱ ጭራ ላይ አይቀጥለውም። ስለዚህ ስም ይሰበስባል። ስሙ ሲያንሰው እንስሳ ያመጣል። ቸርችል «ጥቁር ውሻ» ያለው ስሜቱ እሱ ራሱ አለመሆኑን፣ ከውጭ መጥቶበት መሆኑን ለመናገር ይመስለኛል። በአማርኛ ቢናገር ኖሮ ውሻውን ባላስፈለገው፤ «መጣብኝ» ብሎ ይገላገል ነበር።

«ደበረኝ» የሚለውም ግስ ከዚሁ ሰፈር ነው። ራበኝ፣ በረደኝ፣ ጨነቀኝ፣ ከፋኝ፣ ደበረኝ። በእነዚህ ግሶች ውስጥ ሰውዬው አድራጊ አይደለም፤ የተደረገበት ነው። አድራጊው ደግሞ ስም የለውም። «ማን አስከፋህ?» ስትሉ ጥፋተኛ እየፈለጋችሁ ነው፤ «ከፋኝ» ያለ ሰው ግን ማንንም አልከሰሰም። ይህ ትልቅ ሀብት ነው። ራስላስ ሸለቆው ውስጥ ሆኖ ምክንያት አጥቶ ገጽ በገጽ ሲከራከርበት የኖረውን ነገር፣ የእኛ ሰዋስው ምክንያት ሳይጠይቅ ይቀበለዋል።

ሌቱም

ይህን ሀብት በርዕሱ ላይ ብቻ ሳይቀር ያዋለ ሰው አለ፤ ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር። «ሌቱም አይነጋልኝ» ለረጅም ዓመታት ሳይታተም በእጅ ጽሑፍ ሲዘዋወር ኖሮ ነው መጽሐፍ የሆነው። ዓለሙ ውቤ በረሃ ነው፤ ከቸርችል አናት ብዙ የማይርቀው የደጃች ውቤ ሰፈር ሌሊት። መጠጡ፣ ዘፈኑ፣ ሴቶቹ፣ ወንዶቹ፣ ሳቁ። ስለ መጽሐፉ ሲወራ ሁልጊዜ የሚነሳው ድፍረቱ ነው፤ ስለ ወሲብ እንዴት እንዲህ ተጻፈ የሚለው። ርዕሱን የሚያነብ ግን ያለ አይመስለኝም።

እስቲ እንፈታታው። «ሌቱ» ብቻ አላለም፤ «ሌቱም» ነው። ያቺ «ም» ሌላ ነገርም ቀድሞ እንዳልሆነ ትናገራለች፤ ቀኑ አልሆነም፣ ሌቱም አልሆነ። «አይነጋም» ብሎም አልተወው፤ «አይነጋልኝ» ነው። ለሌላው ይነጋል። ጎረቤት ተነስቶ ሥራ ይሄዳል፣ ቤተ ክርስቲያን ይደወላል፣ ዳቦ ቤት ይከፈታል። ለእኔ ግን አይነጋም። መጽሐፉ በፈረንሳይኛ ሲወጣ «የአዲስ አበባ ሌሊቶች» ተብሏል። ጥሩ ርዕስ ነው፣ ይሸጣል፤ ግን ሌሊቱን ብቻ ወስዶ «ም»ንም «ልኝ»ንም ጥሎ ሄዷል። ያ ርዕስ ቱሪስት ይጠራል። የአማርኛው ርዕስ ግን የሆነ ሰው ከውስጥ እየተጣራ ነው።

ሰውየው ማን ነው? እዚህ ላይ ነው መጽሐፉ ደጋግሞ መነበብ የሚገባው። ለሚዝናናው ወንድ ውቤ በረሃ የደስታ ሸለቆ ነው፤ ልክ እንደ ራስላስ ሁሉ ነገር ሞልቶለት ነገ ተመልሶ ይመጣል፣ ምን እንደጎደለውም አያውቅም። ለምትሠራዋ ሴት ግን ያው ሌሊት የሥራ ሰዓት ነው። ሲስቅ ትስቃለች፤ ሳቁም የሥራው አካል ነው። «አይነጋልኝ» የሚለው ከሁለቱ የየትኛው አፍ ነው? ርዕሱ አይነግረንም። እኔ የሴቲቱ ነው ብዬ ነው የማነበው። እንዲያ ሲነበብ መጽሐፉ ውስጥ ያለው ጫጫታ ሁሉ ድምፁ ይለወጣል፤ ሳቁ ሳይቀንስ ሙሉ ያልሆነው ጨለማ ከሥሩ ይታያል።

በሥነ ጽሑፍ ትምህርት «መቼት» የምትባል ቃል አለችን፤ «መቼ» እና «የት» ተዳቅለው የወለዷት። በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ብዙው ፈርሷል። ዛሬ «ሌቱም አይነጋልኝ»ን የሚያነብ የ20 ዓመት ልጅ «የት»ን ሄዶ ማየት አይችልም፤ የቀረለት መጽሐፉ ውስጥ ያለው «የት» ነው። ስለዚህ ርዕሱ ላይ ያሉት ፊደላት ከበፊቱ የበለጠ ሥራ በዝቶባቸዋል።

ግራጫ

አዳም ረታ ሌላ መንገድ ይዟል። «ግራጫ ቃጭሎች» በ1997 ዓ.ም. ሲወጣ ርዕሱ ራሱ እንቆቅልሽ ነበር። ቃጭል ይሰማል እንጂ አይታይም ማለት ይቻላል፤ ድምፅን ቀለም መቀባት ምን ማለት ነው? ቀለሙ ደግሞ ጥቁር አይደለም። ግራጫ፣ ያልሞላ ጨለማ። ጆንሰን በመዝገበ ቃላቱ የፈታውን አዳም በቀለም አስቀመጠው።

እዚህ ርዕስ ውስጥ «ብኝ» የለችም። ማንም ላይ አልወደቀም፤ አየሩ ውስጥ ነው ያለው፣ የሰማ ሁሉ ይሰማዋል። የመዝገቡን ሕይወት ስንከተል የሚከብደው ነገር አንድ ቀን የደረሰ አንድ አደጋ ሆኖ አይመጣም። ከጀርባ ሲንቃጨል የኖረ ነገር ነው፤ ልብ የምትሉት ሲቆም ወይ ሲበረታ ነው።

የአዳም ዝርዝር አንዳንዴ ያደክማል፤ አንድ ገጽ ላይ ስንት ዕቃ፣ ስንት ሽታ፣ ስንት ስም። ይህን ቅሬታ ከብዙ አንባቢ ሰምቻለሁ፣ እኔም ገጽ ዘልዬ አውቃለሁ። ግን ስለዚህ ስሜት ሲያስቡት ዝርዝሩ ትርጉም ይሰጣል። ግራጫው ስሜት የሚሠራው ነገር ሁሉን አንድ ዓይነት ማድረግ ነው። አዳም ደግሞ ነገሮችን አንድ በአንድ እየቆጠረ፣ ይቺ ከዚያች ትለያለች እያለ ይመልሳቸዋል። ስሜቱን በቃል ሳይጠራው ይዋጋዋል።

የቱ ደበረኝ?

አሁን ወደ እኛ። እኔና የእኔ ትውልድ አንድ ቃል ይዘናል፤ ለሁሉም እሱን እንመዛለን። ታክሲ ዘገየ፣ ደበረኝ። ኔትወርክ ቀሰሰ፣ ደበረኝ። ፊልሙ ደባሪ ነው። ሰውዬው ደባሪ ነው። «አትደብር!» ኧረ «ደበርከኝ» ሁሉ እንላለን። አያቶቻችን አድራጊ ያልሰጡትን ግስ እኛ አድራጊ አግኝተንለታል፤ አንተ ነህ የደበርከኝ። ቋንቋ እንዲህ ነው፣ ይንቀሳቀሳል፣ በዚህ አልጣላም። ችግሩ ሌላ ነው። ከአልጋ መነሳት ያቃተው፣ ምግብ አፈር አፈር የሚለው፣ ለወራት እንቅልፍ የራቀው ሰውም የሚለው ያንኑ ነው። ደበረኝ።

በሶፍትዌር ዓለም አንድ ስም ለብዙ ሥራ ሲውል የትኛው እንደተጠራ የሚታወቀው ከዙሪያው ነው። ዙሪያው ከሌለ ማሽኑ ይገምታል። የጽሑፍን ስሜት እንዲለዩ ለሚሠሩ ፕሮግራሞች «ኔትወርኩ ደበረኝ»ም «መኖር ደበረኝ»ም አንድ ሳጥን ውስጥ ይገባሉ፤ አሉታዊ። ማሽኑ ላይ አልፈርድም። እኛም ቴሌግራም ላይ የምናነበው እንደዚያው ነው።

የአእምሮ ጤና ባለሙያዎች ይህን ስላዩ ይመስለኛል ለሕመሙ «ድባቴ» የሚለውን ቃል እያስለመዱ ያሉት። ደግ አደረጉ። አማኑኤል የሚለው የሆስፒታል ስም መሳደቢያ በሆነበት ከተማ፣ ሰው አፍሮ የማይጠራው ቃል መኖሩ ሕይወት ያተርፋል። ግን ባለሙያ የሚሰጠን የሕመሙን ስም ነው። በሕመሙና በታክሲው መዘግየት መካከል ያለውን ሰፊ ሜዳ፣ ራስላስ የተንከራተተበትን፣ ማን ይጠራዋል? ያ የደራሲ ሥራ ነው።

ባለፈው ክረምት አንድ ጓደኛዬ ማታ ላይ «ደብሮኛል» ብሎ ጻፈልኝ። «የቱ?» ብዬ መለስኩ። «እየጻፈ ነው» የሚለው ሲበራ ሲጠፋ፣ ሲበራ ሲጠፋ ቆየ። በመጨረሻ የመጣው አንድ መስመር ነበር፦ «ሲነጋ ለሰው ነው የሚነጋው።» ስብሐትን አንብቦ የሚያውቅ ልጅ አይደለም። ቋንቋው ነው ያቀበለው። ጃኬቴን አንስቼ ሄድኩ። ምክር አልሰጠሁትም፤ ሻይ አፍልተን ስለ ኳስ፣ ስለ ድሮ የግቢ ልጆች ስናወራ አደርን። ካይሮ ያለው ሊቅ ትዝ ያለኝ በኋላ ነው። ዛሬ ጓደኛዬ ሐኪም እያየው ነው፣ ደህና እየሆነ ነው። ያቺን መስመር ባይጽፍ ኖሮ፣ «ደብሮኛል» ብቻ ብሎ ቢተኛ ኖሮ፣ እኔም ማታውን «አይዞን ብሮ» ብዬ ስልኬን ልገለብጠው የምችል ሰው ነኝ፤ እንደ ማንኛችንም።

ጨለምተኛ

የመጨረሻው ነጥቤ ከሂስ ጋር ነው። አንድ መጽሐፍ ከባድ ስሜት ሲይዝ ቶሎ የምንለጥፍበት ቃል አለን፦ ጨለምተኛ። «ደራሲው ጨለምተኛ ነው፤ ተስፋ አያሳይም።» ይህ አስተያየት በየመጽሐፍ ውይይቱ አይጠፋም። ሰዋስዉን እዩት። «ጨለመብኝ» ያለ ሰው የደረሰበትን ነው የተናገረው፤ የደረሰ ነገር ደግሞ ያልፋል፤ የጨለመ ይነጋል። «ጨለምተኛ» ስንለው ግን በላዩ ላይ የመጣውን አንስተን ማንነቱ አደረግነው። ውሻውን ሰውዬው አደረግነው።

ደግሞ «ብኝ» ሁልጊዜ ሰሚ ይፈልጋል። ብቻውን ያለ ሰው «መሸብኝ» ብሎ ለግድግዳ አይናገርም፤ ቢናገርም የሚመልስለት ሰው እየፈለገ ነው። «ሌቱም አይነጋልኝ» ብሎ መጽሐፍ የጻፈ ሰው አንባቢ እንዳለ አምኗል። ተስፋውን እዚያ ልናገኘው እንችላለን፤ በታሪኩ መጨረሻ ላይ ፀሐይ ካልወጣች ብለን ደራሲውን ባናስጨንቀው ጥሩ ነው።

ለምትጽፉ ጓደኞቼ አንድ ነገር ልለምን። ረቂቃችሁ ውስጥ «ደብሮት ነበር» የሚል ስታገኙ አትሰርዙት፤ ግን ቆም ብላችሁ ጠይቁት። የቱ ነው? ሆዱ ነው የባሰው ወይስ ፊቱ ነው የጨፈገገው? ዝናቡ ዘነበለት ወይስ ዘነበበት? ሲመሽበት የት ነበር፣ ሲነጋስ ለማን ነጋ? መልሱ ከአንድ ፊደል ላይበልጥ ይችላል። ያቺን ፊደል ግን ጻፏት።